ሥራ ሳይለቁ የዓለም አቀፍ ግንኙነትና የቀጣና ጉዳዮች ማስተርስ መማር

በአዲስ አበባ የዓለም አቀፍ ግንኙነትና የቀጣና ጉዳዮች ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ከሚከታተሉት መካከል የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞች፣ የመከላከያና የፖሊስ መኮንኖች፣ የጉምሩክና የባንክ ሠራተኞች ይገኙበታል። ብዙዎቹ ሲጀምሩ የሚፈሩት የክፍሉን ትምህርት ነው፤ ከቢሮ ደክሞ ወጥቶ ስለ ንድፈ ሐሳብ መወያየት፣ በሳምንት ውስጥ ብዙ ገጽ ማንበብና የቤት ሥራ ማስረከብ ያስጨንቃቸዋል። ይሁን እንጂ እየሠራ የሚማርን ሰው ከመንገድ የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ይህ አይደለም። ክፍል የሰዓት ሰሌዳ አለው፤ መምህሩ ይመጣል፣ ፈተናው ቀን ይቆረጥለታል፣ የቀረ ሰው ከጓደኛው ማስታወሻ ይቀበላል። ኮርሱ አልቆ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ሲቀር ግን ሰሌዳው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ፣ ሠርጉ፣ ለቅሶውና የልጆች ጉዳይ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ይወስዱታል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር የሚነሣውም ከዚሁ ነው፤ የሚመረቁበትን ጥያቄ ከምዝገባ በፊት፣ ቢቻል ከዕለት ሥራዎ ውስጥ ይፈልጉት።

ጥያቄውን ከሥራ ቦታ ማግኘት

አመልካቾች በማመልከቻቸው ላይ ከሚጽፏቸው ርእሶች ብዙዎቹ «የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት በአፍሪካ ቀንድ» ከሚለው ብዙም አይርቁም። ይህ ለአንድ ኮርስ መጠሪያ ይሆናል እንጂ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ጥናት ሊሸከመው የሚችል ጥያቄ አይደለም። ሊሠራ የሚችል ጥያቄ አንድ ተቋም፣ አንድ ስምምነት ወይም አንድ ውሳኔ ይዞ፣ በውል የታወቀ የጊዜ ክልል ውስጥ፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በጉምሩክ የሚሠራ ሰው በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞያሌ የአንድ መስኮት የድንበር ኬላ በኢትዮጵያና በኬንያ ተቋማት መካከል ያለውን አሠራር በምን ቀየረ፣ በምንስ አልቀየረም ብሎ መጠየቅ ይችላል። በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ያለ ሰው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር የሁለቱን አገሮች የጥገኝነት ሚዛን ወዴት እንዳዘነበለው ሊያጠና ይችላል። በሰላም ማስከበር ውስጥ ያለፈ መኮንን ደግሞ በሶማሊያ የተሰማራው የአፍሪካ ኅብረት ኃይል እ.ኤ.አ. በ2007 አሚሶም ተብሎ ከጀመረ በኋላ በ2022 አትሚስ፣ በ2025 አውሶም ወደሚባል ተልእኮ ሲሸጋገር የገንዘብ ምንጩ ጥያቄ ለምን ሳይፈታ እንደቀረ መመርመር ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባሳለፈው የውሳኔ ቁጥር 2719 በአፍሪካ ኅብረት የሚመሩ ተልእኮዎች ከዓመታዊ በጀታቸው እስከ 75 በመቶ ከድርጅቱ የአባላት መዋጮ ሊያገኙ የሚችሉበትን በር ከፍቷል፤ ይህ ውሳኔ ለሶማሊያው ተልእኮ ለምን በቀላሉ ተግባር ላይ እንዳልዋለ ብቻ አንድ ሙሉ ጥናት ይወጣዋል።

የሕግ ባለሙያ ከሆኑ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት አለ። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንቴቤ ለፊርማ ቀርቦ፣ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ካጸደቀችው በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል። በፊርማና በማጽደቅ መካከል እንዲህ ያለ ረጅም ዓመት ለምን እንዳለፈ በአንድ ፈራሚ አገር ላይ ብቻ ተወስኖ ቢጠየቅ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለ ቀይ ባሕር መጻፍ የሚፈልግም ቢሆን ስለ «ባሕር በር» በጥቅሉ ከመጻፍ ይልቅ በ2012 ዓ.ም. በሪያድ የተመሠረተውን የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የዓረብና የአፍሪካ አገሮች ምክር ቤት ይውሰድ። የባሕር ጠረፍ መኖርን የአባልነት መስፈርት ያደረገ ድርጅት ኢትዮጵያን ከጠረጴዛው ውጭ ሲያስቀራት የቀጣናው ወሰን በማን እንደሚበየን ያሳያል፤ የቀጣና ጥናት ዋና ክርክርም ከዚሁ የራቀ አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ትኩስ ዜና የሆነን ጉዳይ የመመረቂያ ርእስ ማድረግ ያጓጓል፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ብዙ ሰው ስለ እርሱ ለመጻፍ አስቦ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ አሸማጋይነት የተስማሙበት የአንካራው መግለጫ መጥቶ ጉዳዩን ሁሉ ሌላ መልክ ሰጠው። የመደበኛ ተማሪ በዓመት ውስጥ ጽፎ ሊጨርስ ይችል ይሆናል፤ በማታ የሚማር ሰው ግን ከፕሮፖዛል (ከጥናቱ ዕቅድ) እስከ ዲፌንስ (ጽሑፉን በፈታኞች ፊት እስከ መከላከል) ሁለት ዓመት ሊወስድበት ስለሚችል የጉዳዩ መቋጫ ያለፈበትን፣ ሰነዱም የተቀመጠበትን ርእስ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ተቋምና ፕሮግራም መምረጥ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋምም በቀጣናው ግጭትና በአፍሪካ የደኅንነት ተቋማት ላይ ያተኩራል። ከእነዚህ ውጭ ሌሎች የመንግሥትና የግል ተቋማትም ተቀራራቢ ፕሮግራም ይከፍታሉ። የግል ተቋም ከሆነ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ዕውቅናው ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጥቅሉ ሳይሆን ለተወሰነ ፕሮግራም፣ ለተወሰነ ካምፓስና ለተወሰነ የማስተማሪያ ዘዴ ነው፤ ስለዚህ በመደበኛ ዕውቅና ያለው ፕሮግራም በርቀት ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። የዕውቅናውን ደብዳቤ በዓይንዎ አይተው የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ ሬጅስትራሩ «በሂደት ላይ ነው» ካለዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

የፕሮግራሙን ጥራት ለመመዘን የኮርስ ዝርዝር ከማንበብ ይልቅ ቀድመው የተመረቁ ተማሪዎች የጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፍ ማንበብ ይበልጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ያሰቡት ርእስ አካባቢ የተሠሩ ጥቂት ጽሑፎችን አውርደው የምስጋና ገጹን ይመልከቱ፤ የአማካሪው ስም እዚያ ይገኛል። ከዚያ የዚያን አማካሪ ሌሎች ተማሪዎች ሥራ ያስተያዩ። ጽሑፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ይዘው፣ መደምደሚያቸውም ከጥያቄያቸው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ሌላ አማካሪ መፈለግ እንዳለብዎት ከወዲሁ ያውቃሉ።

መግቢያው ብዙ አያስቸግርም። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ ጋት የሚባለውን፣ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ሒሳብ ከተዉ ብዙ ዓመት የሆናቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቃን የቁጥር ክፍሉን ንቀው እንዳይገቡ ይመከራል። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ማስላክ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ማስታወቂያው ሳይወጣ ይጀምሩት። የሪኮሜንዴሽን ደብዳቤ ከሚጽፉልዎት ሁለት ሰዎች አንዱ ጽሑፍዎን ያነበበ መምህር ቢሆን ጥሩ ነው፤ የመምሪያ ኃላፊ ስለ ሥራ ትጋትዎ ይመሰክራል፣ ምርምር መሥራት ስለመቻልዎ ግን ሊናገር አይችልም።

ከመሥሪያ ቤት ጋር መስማማት

ወጪውን መሥሪያ ቤትዎ የሚሸፍን ከሆነ ከምረቃ በኋላ የተወሰነ ዓመት የማገልገል ግዴታ ውል ያስፈርምዎታል። ውሉን ሳይፈርሙ ቤት ወስደው በጥንቃቄ ያንብቡት፤ በተለይ ትምህርቱ ከታሰበው በላይ ቢራዘም ክፍያውን ማን እንደሚከፍል፣ በመካከል ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወሩ ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። በግልዎ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ የአንድ ክሬዲት ዋጋ ብቻ ጠይቀው እንዳይመለሱ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ክፍያን፣ ተጨማሪ ሴሚስተር በገቡ ቁጥር የሚጠየቀውን የምዝገባ ክፍያና የዲፌንስ ወጪን ደምረው ይቁጠሩ። የመጨረሻው ሒሳብ ከማስታወቂያው የሚለየው በአብዛኛው በዚህ የመራዘም ክፍያ ነው።

ከገንዘቡ በላይ መስማማት የሚያስፈልገው ግን ሰዓት ነው። የማታ ክፍል ከሥራ መውጫ በኋላ ቢጀምርም ከቦሌ ወይም ከሳሪስ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ በሰዓቱ መድረስ እንደ ትራንስፖርቱ ነው። በትምህርት ቀናት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣትን ከቅርብ አለቃዎ ጋር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጨርሱ፤ አለቃ ይቀየራል፣ ደብዳቤ ግን በፋይል ይቀመጣል። የዓመት ፈቃድዎንም ለፈተና ሳምንት አያባክኑት። በሕጉ መሠረት ማዛወር የሚቻለውን ያህል አዛውረው ለቃለ መጠይቅና ለጽሑፍ ጊዜ ያቆዩት፤ ተከታታይ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ መጻፍ በየማታው አንድ ሰዓት እየቆነጠሩ ከሚጻፍ ወር የተሻለ ያስገኛል።

ንባብ

የንባቡ ብዛት እየሠራ የሚማርን ሰው ያስደነግጣል፤ አብዛኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ የምመክረው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተለየ ነው። ስለ ሰነዱ የተጻፈውን ከማንበብዎ በፊት ሰነዱን ራሱን ያንብቡ። የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 በሎሜ የጸደቀ፣ በአንድ ምሽት ተነቦ የሚያልቅ አጭር ጽሑፍ ነው። አንቀጽ 4 ላይ በፊደል «ሰ» የሚመደበው ንኡስ አንቀጽ አባል አገር በሌላው የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ተከትሎት ያለው ደግሞ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ስለ አፍሪካ ሉዓላዊነት የተጻፉትን ብዙ መጣጥፎች ክርክራቸው ከየት እንደሚነሣ አውቆ ያነባቸዋል። ከዚያ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱን ፕሮቶኮል ያክሉበት፤ ምክር ቤቱ 15 አባላት እንዳሉት፣ አሥሩ ለሁለት ዓመት አምስቱ ለሦስት ዓመት እንደሚመረጡ፣ እንደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን ያለው አባል እንደሌለ ያገኛሉ።

የኢትዮጵያን በተመለከተ ኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የሀገራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ዛሬም መነበብ አለበት፤ በፖሊሲው የማይስማማ ተማሪም ቢሆን ከእርሱ በኋላ የመጣው ለውጥ ከምን እንደተለወጠ ሊያሳይ የሚችለው መነሻውን ሲያውቅ ነው። የነጋሪት ጋዜጣን ደግሞ ተማሪዎች ይረሱታል። አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የማጽደቂያ አዋጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በዚያ ይወጣል፤ ስምምነት ተፈርሞ ወደ ምክር ቤት ለመድረስ ምን ያህል እንደቆየ ከአዋጁ መግቢያ ላይ ማስላት ይቻላል።

ንድፈ ሐሳብን በተመለከተ አንድ ቅር የሚያሰኝ ልማድ አለ። ተማሪው የመንግሥታትን የኃይል ፉክክር ስለሚያጎላው ሪያሊዝም፣ ትብብርንና ተቋማትን ስለሚያጎላው ሊበራሊዝምና ሐሳብንና ማንነትን ስለሚያጎላው ኮንስትራክቲቪዝም ሃያ ገጽ ጽፎ ካበቃ በኋላ በቀሩት ምዕራፎች አንድም ጊዜ አያነሣቸውም። ፈታኞች ይህን ወዲያው ያዩታል። ለቀጣና ጥናት ከሦስቱ ይልቅ የጎረቤት አገሮች ደኅንነት እርስ በርሱ ተቆላልፎ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መረዳት እንደማይቻል የሚያስረዳው የሪጅናል ሴኩሪቲ ኮምፕሌክስ አስተሳሰብ ይቀርባል፤ የኢጋድ (የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት)፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብና የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባልነት መደራረብን ለሚያጠና ሰው ደግሞ የቀጣና ውሕደት ንድፈ ሐሳቦች ይበጃሉ። ሶማሊያ በ2016 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ስትቀላቀል ከኢጋድ አልወጣችም፤ ለምን ሁለት ቦታ መሆን እንደሚያዋጣ የሚያስረዳ አንድ ንድፈ ሐሳብ ይምረጡና በእርሱ ብቻ ይሥሩ።

ከተማዋን እንደ ቤተ መዛግብት መጠቀም

በአዲስ አበባ የሚማር ሰው ናይሮቢም ሆነ ለንደን ያለ ተማሪ የማያገኘው ዕድል አለው። የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በርካታ ኤምባሲዎች በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ ከተማ ስለሆነ የድርጅቱ ቀደምት ሰነዶችም እዚሁ ይገኛሉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለታሪካዊ ርእስ የግድ ናቸው።

ወደ እነዚህ ቦታዎች ሲሄዱ ከትምህርት ክፍሉ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፤ ደብዳቤው በየተቋሙ ስም ተለይቶ ይጻፍ እንጂ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አይሁን። ቀኑም ይታሰብበት። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት የኅብረቱ የመሪዎች ጉባኤና የዝግጅት ስብሰባዎቹ ስላሉ ማንም ዲፕሎማት ለተማሪ ጊዜ የለውም፤ በሰኔ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት መዝጊያ ላይ ናቸው። ቃለ መጠይቅ በጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቢያዝ የመሳካት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የበዓላቱን ሳምንታት ሲቀንሱ የቀረው ብዙ እንዳልሆነ ያያሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ተማሪ ከሁሉም የሚከብደው የራሱን መሥሪያ ቤት ማጥናት ነው። በሥራ አጋጣሚ ያዩት ደብዳቤ፣ በስብሰባ የሰሙት አስተያየት የጥናት መረጃ አይደለም፤ ሰነዱን ለመጠቀም ከኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ምስጢር የሚል ማኅተም ያለበትን ደግሞ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ አይንኩት። ባልደረባዎን ሲጠይቁም እንደ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ተመራማሪ እየጠየቁ መሆንዎን አስቀድመው ይግለጹለት፤ ስሙ እንዳይጠቀስ ከፈለገ ማዕረጉና የሥራ ክፍሉ ብቻ ተጠቅሶ ሊታወቅ እንደሚችል አይርሱ። በትንሽ ዳይሬክቶሬት ውስጥ «አንድ ከፍተኛ ባለሙያ» ማለት ስሙን እንደ መጥራት ነው።

የቀን አቆጣጠርም ያስቸግራል። የአማርኛ ሰነድ በኢትዮጵያ፣ የኅብረቱ ሰነድ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ያለው የሰባት ዓመት ልዩነት የጎርጎርዮሱ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ስምንት ይሆናል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2022 ነው፤ በችኮላ ስምንት የደመረ ሰው በ2023 ያስቀምጠዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ቀኖች በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝግቡ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ

በአሜሪካ ያለ አንባቢ በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ከሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን ስለሚጠበቅበት በትርፍ ሰዓት መማር በዋናነት የዜጎችና የግሪን ካርድ ባለቤቶች መንገድ ነው፤ የፌዴራል የትምህርት ብድር ለማግኘትም ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ምዝገባ ያስፈልጋል። በብሪታንያ የአንድ ዓመቱ ማስተርስ በትርፍ ሰዓት ሲሆን በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ከኢትዮጵያ ለማመልከት ያሰበ ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል የሆነው ቺቭኒንግ የትርፍ ሰዓትም ሆነ የርቀት ትምህርት እንደማይሸፍን ይወቅ። በርቀት የሚገኝ የውጭ ዲግሪ በአገር ቤት ለሥራ የሚፈለግ ከሆነ የአቻ ግምቱን (ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል የመቆጠሩን) ጉዳይ ከመመዝገብ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መጠየቅ ይገባል። በአንጻሩ ለንደን ያለ ሰው በኪው የሚገኘውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በቅዳሜ ሊጎበኝ የሚችልበትን ቀን አጣርቶ የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ኢትዮጵያ የያዛቸውን መዝገቦች ማገላበጥ ይችላል።

ከአማካሪ ጋር

አማካሪዎ ሌሎች ብዙ ተማሪዎች አሉት። «አንብበው አስተያየት ይስጡኝ» ብሎ ሰማንያ ገጽ መላክ መልስ የማያገኝ ጥያቄ ነው፤ አሥር ገጽ ልከው በሁለት የተለዩ ጥያቄዎች ላይ አስተያየት ቢጠይቁ የመመለሱ ነገር የተሻለ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ የተስማሙበትን በአጭር ኢሜይል ጽፈው ይላኩለት፤ አማካሪው ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ውጭ ቢሄድና ሌላ ቢተካ ያ ኢሜይል ከአዲሱ ሰው ጋር ከዜሮ ከመጀመር ያድንዎታል።

በዲፌንስ ቀን ፈታኞች የሚጠይቁት በአብዛኛው ስለ ርእሱ ስፋት፣ ስለ ዘዴውና ንድፈ ሐሳቡ ከግኝቱ ጋር ስለመያያዙ ነው፤ የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልስ በቃልዎ ይለማመዱ። ዲፌንሱ ካለፈ በኋላም ዲግሪው ገና በእጅ አልገባም። የእርማት ዝርዝር ይሰጥዎታል፤ በማግስቱ ወደ ሥራ ተመልሰው «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚሉት እርማት ሴሚስተር ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ከዲፌንሱ ቀጥሎ ያሉትን ቀናት አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁባቸው፤ እርማቱን ጨርሰው፣ አማካሪውን አስፈርመው፣ የተጠረዘውንና የሶፍት ኮፒውን ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክበው ክሊራንስዎን (ከተቋሙ ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫዎን) ይዘው ይውጡ።